የውኃ እንግዶቹ ላሞችና የማረው ነጻ ወረቀት

ለምወድህ ወንድሜ ለአንለይ፤

ከተለያየን ወዲህ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳልህ ተወህ? ባለቤትህ ጸሐይነሽስ፣ ልጆቹስ የአዲስ አበባውን ብርድ እንዴት ቻሉት? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ማረው ግን ወባው ከለቀቀው ወዲህ ሆዱ ተነፍቶ ከአልጋ ወድቋል።

«በአዲሱ መመሪያ ድሃ በነጻ ይታከማል፤ ማረውን ለምን ቤት ታስተኚዋለሽ?» ብለህ ጽፈህልኛል። አንብቤ ተናደድሁ። አንተን መሥሪያ ቤትህ ያሳክምሃል። መመሪያው እዚያ ሲጻፍ መልካም ይሆናል፤ እኛ ሜዳ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። በነጻ ለመታከም ከገበሬ ማኅበሩ የድህነት ወረቀት ያስፈልጋል፤ ድሃውን የሚለየው ደግሞ ደሞዝ የሚባለው ሊቀ መንበር በየደጁ እየዞረ ከብት በማየት ነው።

እኛ ቤት የመጣው ባለፈው ነሐሴ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር በሆነበት ሰሞን ነው። የአክስታችን ልጅ የአመተ ሥላሴ ላሞች፣ እንደ አባታችን ዘመን ሁሉ፣ ከረግረጉ ወጥተው እኛ ጉብታ ላይ ታስረው ነበር። «የውኃ እንግዶች ናቸው፤ ውኃው ሲጎድል ይመለሳሉ» አልሁት። «ይህን ሁሉ እያለብሽ ድሃ ነኝ ትያለሽ? ወይስ ላሞቹ ራሳቸው ይመስክሩልሽ?» ብሎ አብረውት የመጡትን አሳቃቸው። አመተ ሥላሴ ልትመሰክር ብትመጣ «ያንቺ ከሆኑማ የእናትሽን ወረቀት መልሺ» አላት። አክስታችን ወለተ ሐና ደም እየተፉ መድኃኒት የሚወስዱት በዚያ ወረቀት እንደሆነ ታውቃለህ። እኔም «ላሞቹ የኔ ናቸው» አልሁ።

ሜዳው ሲደርቅ ላሞቹ ወደ ባለቤታቸው ተመለሱ፤ እኛም ማረውን ለማሳከም ያለንን አንድ በሬ ሸጥን፤ መድኃኒቱ ሳያድነው ብሩ አለቀ። ጎረቤቱ «ወንዛዬ ፍል ውኃ ውሰጂው» ይለኛል፤ በምን አቅሜ? ትናንት ደግሞ ደሞዝ «አሁን ደኽይተሻልና ነይ ወረቀትሽን ውሰጂ፤ ደጅሽ ላይ ግን ከብት እንዳላይ» ብሎ ላከብኝ። ሰው ካልደኸየ አይታከምም፤ ከደኸየ ደግሞ የዘመዱን ከብት አያስጠጋም ማለት ነው።

ዝናቡ ጀምሯል። አመተ ሥላሴ ዘንድሮ አፍራ አልጠየቀችኝም፤ ላሞቿ እዚያው ረግረጉ ዳር ናቸው። ማረው ከአልጋው ሆኖ «አስመጪያቸው፤ እኔን ተይኝ» ይላል። አንተ መመሪያ የምታውቅ ሰው ነህና ቁርጡን ጻፍልኝ፤ ላሞቹን ለውኃ ልስጥ ወይስ ማረውን ለአፈር? ሌላ ምክር አልፈልግም።

ጸሐይነሽን፣ ቢሻውን፣ ትንሿን ትሁንን በየስማቸው ሳምልኝ። የንስሐ አባታችን አባ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ያስቡሃል፤ አክስታችንም በዚያ ሳላቸው መሐል ስምህን ያነሳሉ። ማረው ሰላም ይልሃል። መልስህ ውኃውን እንዲቀድም አደራ።

እህትህ ጥሩብርሃን
ወረታ፣ ሰኔ ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.