ለእንግዳ ክፍላችን ምድጃ የበላይ ጠባቂ ለአያቴ፦ ስለ ሸክላ ከሰሎቹ አደራደር

ለክብርት ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ቡዝሮይድ፣
የሃክስዌል ጸሎት ቤት የሴቶች ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር፣ የእንግዳ ክፍላችን ብቸኛ ባለቁልፍ፣ የአባቴ ወላጅ እናት፣

እጅግ የተከበሩ አያቴ ሆይ፦

እንደምን ሰነበቱልኝ? ራስ ምታቱስ ለቀቀዎት? ይህን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም። ካለፈው እሑድ ጀምሮ በአካል ስጠይቅዎ ፊትዎን አዙረው የግድግዳውን ወረቀት አበባ ስለሚያደንቁብኝ ነው። የታላቅ አክስታችን የኤድና ቁርጭምጭሚትም ብርድ ሳይነካው እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለዚያ ቁርጭምጭሚት የተከፈለውን መሥዋዕትነት እያወቅሁ ሳልጠይቅ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

ደብዳቤዬን በጸሎት ቤቱ አዳራሽ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ በአሮጌ ዕቃ ሽያጩና በጠፋችው ድመት ማስታወቂያዎች መካከል የለጠፍኩት ባለጌ ሆኜ አይደለም። «ስለዚያ ምድጃ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ጆሮ የለኝም» ስላሉኝ፣ ጆሮዎን ላለማስቸገር በዓይንዎ በኩል መጣሁ እንጂ። በየማለዳው መነጽርዎን ሰክተው የሰሌዳውን የፊደል ግድፈት ሲያርሙ አይቻለሁና አንባቢ እንደማላጣ እርግጠኛ ነኝ። ደግሞም እሑድ ዕለት እኛ ቤት ሻይ የጠጡት የማኅበሩ እመቤቶች ጭንቅላታቸውን ምን እንደ መታው የማወቅ መብት አላቸው።

ለእነሱም ሲባል ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ወንድ አያቴ አርኖልድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ከምድር በታች ከሰል ሲቆፍር ኖረ። ጉድጓዱ ሲዘጋ እርስዎ የድሮውን ምድጃ አስፈርሰው ይህን ለዓይን የሚያምር የጋዝ ምድጃ አስተከሉ፤ ከላይ የሸክላ ከሰሎች ይደረደሩበታል፣ ከሥር ጋዝ ይነድዳል፣ ከሩቅ ላየው ሰው እውነተኛ የከሰል እሳት ይመስላል። አያቴም «ስንት ዘመን እውነተኛውን ቆፍሬ፣ በስተርጅናዬ የውሸት ከሰል አቧራ ጠራጊ ልሁን?» እያለ ይስቅ ነበር። እየሳቀም ቢሆን፣ በየዓመቱ በመጸው፣ አገሩ ሁሉ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከመመለሱ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ጋዙን ዘግቶ ምድጃው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅና ከሰሎቹን በሻይ ትሪ ወደ ጓሮ አውጥቶ በአሮጌ የጢም መላጫ ብሩሹ አቧራቸውን ያራግፍ ነበር። ውኃ አይነካቸውም፤ ይፈረካከሳሉ። መጥረጊያ ማሽንም አይጠጋቸውም። ትሪ ያዥዋ እኔ ነበርኩ፤ የእሱ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደግሞ ብሩሹ ወደ እኔ ዞረ።

እያንዳንዱ ከሰል የራሱ ቦታ፣ አያቴ ያወጣለትም ስም አለው። ጀርባው ጎበጥ ያለው «ጳጳሱ» ከኋላ መካከል ይቀመጣል። ሁለቱ «ጫማዎች» ግራና ቀኝ ይሆናሉ። ሹሉ «የኤድና አፍንጫ» ከፊት ነው፤ ነበልባሉ የሚወጣው በዚያ ስለሆነ ከአፍንጫው ሥር ክፍተት ይተዋል። አያቴ ክፍተቱን በጣቱ እየለካ «ኤድና ትተንፍስ!» ይል ነበር። ይቅርታ አክስት ኤድና፤ ስሙን ያወጣው እሱ ነው፣ መመሳሰሉን ያመጡት ግን እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ አቤቱታዬን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ብሩሹ። ዘንድሮ የአጎቴ ልጅ ክሪስፒን ከደቡብ መጣልን። ሥዕል ይማራል፣ ሲኒ ሲይዝ ትንሿ ጣቱ ሰማይ ትጠቁማለች፣ እኛ በእጃችን የምንበላውን ድንች ጥብስ እሱ በሹካ ይበላል። እርስዎም በዚያች ቅዳሜ፣ ትሪውን ይዤ በር ላይ ቆሜ ሳለ፣ «ብሩሹን ለክሪስፒን ስጪው የኔ ልጅ፤ እጁ ቁርጥ የአያቱን ነው፤ አንቺ ሳንድዊቹን ቁረጪ» ብለው በማኅበሩ ጸሐፊ በወይዘሮ ኦርመሮድ ፊት አከበሩኝ። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። ሳንድዊቹን በአራት ማዕዘንም በሦስት ማዕዘንም መቁረጥ እንደምችል ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ደግሞ ሰው ከሚያማኝ ራሴ ልናገረው፦ ቀናሁ። ቅቤውን ስቀባ ቀናሁ፣ ዱባውን… ይቅርታ፣ ኪያሩን ስከትፍ ቀናሁ፣ እንዲያውም ከቅናት ብዛት የምከትፈውን አትክልት ስም እስከ ዛሬ እስታለሁ። ይህን በጉልህ የጻፍኩት ኋላ «ደብቃ ነበር» እንዳይባል ነው።

፪ኛ. ስለ አደራደሩ። ክሪስፒን የእቃ ማጠቢያ ጓንት አድርጎ፣ ከሰሎቹን እንደ ኬክ ክሬም ዳበስ ዳበስ አደረጋቸው። ከዚያ «የተራራ ቅርጽ ልስጠው» አለ። ያንን ክፍተት ሲያይ «ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስላል፤ ያስጠላል» ብሎ ጳጳሱን ከዙፋኑ አንሥቶ ወተፈበት። እኔ ከወጥ ቤት «ኤድና ትተንፍስ!» ብዬ ስጮኽ እውነተኛዋ አክስት ኤድና «እኔ በደንብ ነው የምተነፍሰው፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ!» አሉኝ። እሳቱ ሲለኮስ ነበልባሉ ረዘመ፣ ቢጫ ሆነ፣ እንደ ሰነፍ ሰው ወዲያ ወዲህ እየተንጠራራ ጥላሸት መትፋት ጀመረ። እርስዎ እጅዎን አጨብጭበው «አሁን ገና እውነተኛ እሳት መሰለ!» አሉ። በማግስቱ ከምድጃው በላይ የተሰቀለው የአያቴ ፎቶግራፍ ጢም አበቀለ፤ በሕይወቱ አንድም ቀን ሳይላጭ ከቤት ወጥቶ የማያውቀው ሰውዬ!

«ይህ ጤናማ እሳት አይደለም» ብዬ ብነግርዎ፣ «ዓይንሽን የሚያቃጥልሽ ጭስ ሳይሆን ቅናት ነው» አሉኝ። እውነቴን ነው የምልዎ፣ ቆንጆ አባባል ነው፤ ባይሆን ቅናት ለምን የክሪስፒንን ዓይን እንዳስለቀሰው ቢያብራሩልኝ ኖሮ ሙሉ ይሆን ነበር። እሱ እንኳ የሚቀናበት ሰው የለውም።

፫ኛ. ስለ ካልሲው። ምድጃው አየር እንዲያገኝ ግድግዳው ሥር የተከፈተች ቀዳዳ አለች። በዚህ አገር ሰው ከጦርነት ይልቅ በበር ሥር የሚገባ ነፋስ እንደሚፈራ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አክስት ኤድና «ቁርጭምጭሚቴን ቆረጠኝ» ሲሉ የአያቴን የሱፍ ካልሲ ጠቅልለው ቀዳዳዋን መድፈንዎ አልገረመኝም። የምድጃ አየር ማስገቢያ ነው ስልዎ «ምድጃ ሳንባ የለውም» አሉኝ። ለሳይንስ ትምህርቱ አመሰግናለሁ፤ አስተማሪዬ ግን ደብተሬን ሲያዩ ቅር ብሏቸዋል።

፬ኛ. ስለ ደወሉ። ሽታም ቀለምም የሌለውን መርዘኛ ጋዝ ሲያገኝ የሚጮኸውን ደወል አባቴ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ አኑሮልዎት ነበር። ጮኸ። በመዝሙር መሐል ጮኸብኝ ብለው ባትሪውን አውጥተው ለቴሌቪዥኑ ሪሞት ሰጡት። ደወሉም ዝም አለ፤ የአትክልት ውድድሩ ፕሮግራምም አላመለጠዎትም።

የእሑዱን ነገር ቁጥር አልሰጠውም፤ ቀልድም አልጨምርበት። መስኮቱ ተዘግቷል፣ እሳቱ ቢጫ ሆኖ ይነድዳል፣ ማኅበሩ ሻይና ወይን ላይ ነው። ወይዘሮ ኦርመሮድ ቃለ ጉባኤ እያነበቡ አንገታቸው ወደቀ። አክስት ኤድና «ዘንድሮ ወይኑ ብርቱ ነው» ብለው ግንባራቸውን ያዙ፤ ወይዘሮ ኦርመሮድ ግን ከሻይ በቀር አልቀመሱም ነበር። እርስዎ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ተነሡ፣ ሲኒው ከሞላ በኋላም መቅዳትዎን አላቆሙም፣ ሻዩ በጠረጴዛው ልብስ ላይ ሲፈስ ያዩታል፣ ግን የሚያዩትን አያውቁም ነበር። አያቴ፣ ያን ጊዜ የነበረውን ፊትዎን እስከ ዛሬ በእንቅልፌ አየዋለሁ። ጋዙን ዘጋሁ፣ መስኮቱን በረገድሁ፣ ሁላችሁንም እየጎተትኩ ካፊያ ላይ አወጣኋችሁ። መንገደኛው ሁሉ የጸሎት ቤቱን እመቤቶች ሲኒ እንደያዙ አስፋልት ዳር ተሰልፈው አየ። ክሪስፒን «ይህ የአካባቢው ባህል ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እርስዎ ነፍስዎ መለስ ሲል የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል፣ «አንቺ ምቀኛ! የልጁን እሳት ለማጥፋት ብለሽ በሰው ፊት አዋረድሽኝ!» የሚል ነበር።

ከጋዝ አገልግሎት የመጣው ሰው «ተፈትሾ እስኪጸዳ እንዳይለኮስ» የሚል ቀይ ምልክት ለጥፎ ሄደ። እርስዎ ምልክቱ የክፍሉን መልክ አበላሸ ብለው በእጅ ጥልፍ ጨርቅ ሸፈኑት። ጥልፉ ያምራል። ጨርቁን ሳደንቅ ግን ከአክስት ኤድና ጋር ስለ ክሪስፒን መሸኛ ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ ቅዳሜ ማኅበሩ ተመልሶ ሊሰበሰብ፣ እሳቱም ሊለኮስ ነው። ስለዚህ የጋዝ መክፈቻውን መዘወሪያ ነቅዬ ወስጃለሁ። ባለሙያው መጥቶ ምድጃውንና የጭስ ማውጫውን እስኪያጸዳ፣ ካልሲው ወደ ሣጥኑ፣ ባትሪውም ወደ ደወሉ እስኪመለስ ድረስ ከኪሴ አይወጣም። የማኅበሩ እመቤቶችም ቅዳሜ የሚመጡ ከሆነ ካፖርት ደርበው ይምጡ።

ቅናት ነው ይሉኛል። እኔም ነው ብያለሁ። ነገር ግን አያቴ አርኖልድ ያጫወተኝን ላስታውስዎ፦ ድሮ ከሰል ቆፋሪዎች ወደ ጉድጓድ ሲወርዱ ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ በሽቦ ቀፎ ይዘው ይወርዱ ነበር፤ መርዙ ሲመጣ ቀድማ የምትወድቀው እሷ ናት፣ እሷ ስትወድቅ ሰው ይሮጣል። በዚያ ሁሉ ዘመን ወፊቱን «በእኛ ቀንተሽ ነው» ያላት አንድም ቆፋሪ አልነበረም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሳንድዊቹ፣ ስለ ግድግዳው አበባም ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ የሚጸልየው ያለ ምክንያት አይደለምና፣ አምላክ ለእርስዎም ምቀኛ አያሳጣዎ እላለሁ።

ጀርባዎን ሳይቀር የምታከብር፣ የቤትዎ ወፍ፣
ሮዊና ቡዝሮይድ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የክሪስፒን እጅ የአያቴን እጅ ይመስላል ብለዋል። የአያቴ እጅ በሠርጋችሁ ቀን እንኳ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር እንዳልለቀቀ፣ በነጭ ቀሚስዎም ላይ ምልክት እንደ ተወ ራስዎ ነዎት ያጫወቱኝ። ትናንት የፎቶግራፉን ጢም ላጨሁለት፣ ከምድጃው ዙሪያ ያለውንም ጥላሸት በባዶ እጄ ጠረግሁ። መዘወሪያውን ለመቀበል ሲመጡ መነጽርዎን ይዘው ይምጡና የተዘረጋልዎትን እጅ በደንብ አድርገው ይመልከቱት።