ዓሣ የበላ ጎመን

ረቡዕ፣ መጋቢት 18

እኔ ኃጢአተኛይቱ ትርንጎ፣ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ በጾም ቀን፣ ከጎመን መደብ የባሕር ሣር ቆፍሬ መጉረሴን በታላቅ ትሕትና እናዘዛለሁ።

ሣሩን ዐቢይ ጾም ሲገባ የላከችልን እማዬ ናት። ባሕር አጠገብ፣ አረብ አገር፣ ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዋ ሾርባ ውስጥም አበባ ሥርም ትጨምረዋለች አሉ። እማዬ አንድ ፌስታል አድርቃ ወደ ሰቆጣ ለሚመለስ ሰው ሰጠችና፣ "እጠቡት፤ ግማሹን ለሾርባ፣ ግማሹን ለጓሮ" ብላ ደወለች።

አያቴ ቄስ ናቸው። ፌስታሉን ብዙ አሸተቱና ፈረዱ፦ "ከባሕር የወጣ ሁሉ ዓሣ ነው፤ በጾም አይበላም።" ባሕር አይተው አያውቁም። ሁሉንም ጎመኑ ሥር ቀበሩት።

"ታዲያ አባባ፣ ዓሣ የበላውን ጎመን እንዴት ሊበሉት ነው?" አልኋቸው።

"አንቺ ልጅ! ምላስሽ ካንቺ ይረዝማል!"

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጎመን አልቀመሱም። ሽሮ በሽሮ ሆነናል። ባዶውን ፌስታል ግን አልጣሉትም፤ አጣጥፈው ትራሳቸው ሥር ሸጉጠውታል።

እማዬ ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። እኔ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። ዛሬ አባባ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መደቡን ጫርሁ፤ አንድ ቁራጭ አገኘሁ፤ አጥቤ ጎረስሁት። ጨው ጨው ይላል። እሷ ያለችበት ቤት አየሩ ሁሉ እንዲህ ነው ብላኝ ነበር። አልዋጥሁትም፤ ከዋጥሁት ያልቃል። ጉንጬ ሥር ይዤ ከጎመኑ ጀርባ ተቀምጬ እየጻፍሁ ነው።

የአጥሩ በር ሲጢጥ አለ፤ አባባ ተመለሱ።

"ትርንጎ! ምንድን ነው የጎረስሽው? ትርንጎ! እስኪ አፍሽን ክፈቺ!"