ከገደሉ ጫፍ የላክኸው ፎቶ

ውድ ወንድሜ ዋሴ፣

እንደምን ሰነበትክ? የበየዳ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ከምን እንደምነሳ አሁንም ስላላወቅሁ ከሥራዬ ልጀምር።

አንተ «የዋልያ ጨዋታ» እያልክ የምታሾፍበት፣ እኔ የምሠራው የስልክ ፕሮግራም እያለቀ ነው። ፓርኩን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ስልኩን ወደ ገደሉ ሲያዞር ስክሪኑ ላይ ዋልያ ቆሞ ያያል። ዋልያው የእውነት እንዲመስል ጥላው እንደ ድንጋዩ ጥላ መውደቅ አለበት፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ምስሉን አይቶ ፀሐይዋ በየት በኩል እንዳለች ይገምታል።

እኔና አንተን ያለያየን ይኸው ግምት ነው። እማዬ ያረፈች ዕለት አንተ የደረስከው ማታ ነበር። ከበየዳ በጠዋት ተነስተህ መኪናው መንገድ ላይ እንደተበላሸ ነገርከን። «አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ እየመጣሁ ነው፣ ለእማዬ አሳያት» ብለህ ራስህን አንስተህ የላክኸው ፎቶም ኔትወርክ ጠፍቶ የገባልኝ ማታ ነው። ከቀብሩ በኋላ ፎቶውን ለፕሮግራሙ ሰጠሁት። ከኋላህ ገደሉ ይታያል፤ ገደሉ ደግሞ በሰሜን በኩል ነው። ፕሮግራሙ ፀሐይዋ በምዕራብ ናት አለኝ። ከሰዓት በኋላ የተነሳ ፎቶ ነው ማለት ነው።

በአርባዋ ዕለት ዘመድ ሁሉ፣ ካህናቱ ሳይቀሩ በተቀመጡበት፣ «እናቱ እያጣጣረች ተኝቶ አርፍዶ ይዋሻል!» አልኩህ። አንተም «ማሽንሽ ካለ ይሁን» ብለህ ጋቢህን አንስተህ ወጣህ።

ባለፈው ማክሰኞ አብራኝ የምትሠራው ሊድያ ፕሮግራሙን በሰልፊ ሞከረችው። ገና በማለዳ ፀሐይዋን ምዕራብ አስቀመጠልን። እኔ ስበሳጭ እሷ ሳቀች።

«አንቺ፣ የፊት ካሜራው እኮ እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው!»

ፎቶህን ከፈትኩት። የግራ ቅንድብህ ጠባሳ በቀኝ ቅንድብህ ላይ ነው። ስንት ወር ሙሉ እያየሁት አላየሁትም። ገልብጬ መልሼ ሞከርኩት። ምሥራቅ አለኝ።

ዋሴ፣ ነገሩ ሁሉ ተምታቶብኛል። ለምን አልተከራከርከኝም? ወይስ ተናግረህ ነበር? አባባን ጠየቅኋቸው። «እሱስ መልስ ነበረው፤ አንቺ መች የሚሰማ ጆሮ ነበረሽ ልጄ» አሉኝ።

ለምን እንደዚያ ፈጥኜ እንዳመንኩስ? እሱም አይገባኝም ልልህ ነበር፤ ግን ይገባኛል። ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማዬ ከመኝታዋ ጠራችኝ። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ነበርኩ። «መጣሁ እማዬ፣ አንድ ደቂቃ» አልኳት። ስገባ አልፋለች። ይህን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። የዘገየው ሰው አንተ እንድትሆን ፈልጌ ነበር፣ ወንድምዓለም።

የሙት ዓመቷ የሚመጣው ወር ነው። እነዚያው ሰዎች ይመጣሉ። አንተም ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ ብትቀርም አልቀየምህም። ቆሜ ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ፦ አንተ ከበየዳ በጠዋት እንደተነሳህ፣ እኔ ከጎኗ ካለው ክፍል እንደዘገየሁ።

ይቅር በለኝ።

እህትህ እስከዳር
ደባርቅ