የዛሬውን የሊኑክስ ክላስ አንቺ ያዢው

ሰጊ፣

ለክላሳችን ሁለት ላፕቶፕ የሚያውሱን ሰዎች ስላገኘሁ ተበላ ከተማ ደርሼ እመጣለሁ። ቦዬ ቀቅያለሁ፤ ጨው ቢያንሰውም ሳትበዪ እንዳትወጪ!

የአዳራሹ ቁልፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ሊኑክሱ ያለው ጥቁሩ ፍላሽ ላይ ነው። ቢጫውን አትንኪው፣ ቫይረስ አለበት።

ባለፈው ቅዳሜ ለጀማሪዎቹ በወላይትኛ ስታስረጂ፣ «ሁሉም ሰው እንዲሰማ በአማርኛ አርጊው» ብዬ አቋረጥኩሽ። ከዚያ ወዲህ «እሺ» ብቻ ነው የምትዪኝ።

በኋላ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው።
ለካ ወላይትኛ የማልሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስለዚህ ዛሬ አንቺ አስተምሪ፤ በአማርኛ እንዳትሞክሪው! ስምንት ሰዓት ሳይሞላ እደርሳለሁ። ከፊት ወንበር ያዢልኝ፣ ከሁሉም የባስኩት ጀማሪ እኔ ነኝ።

ትንሳኤ