አፍ ያወጣው ሶፋ

አንቺ እሜቴ ነጭ ወዳድ፣

ያረፍኩበትን ቤት ብታዪ ዓይንሽን በእጅሽ ትሸፍኚ ነበር። ግድግዳው ብርቱካናማ፣ ኮርኒሱ ሐምራዊ፣ ሶፋው እንደ ቃሪያ አረንጓዴ ነው። አከራዬ ሴት ቀለም ቀቢ ናቸው፤ ከሥራ የተረፋቸውን ቀለም ሁሉ እያመጡ ቤታቸው ላይ ይጨርሱታል። «እኛ ቤት ቀለም ያልቀመሰ የለም» ሲሉኝ ስለ ልጆቻቸው መስሎኝ፣ «እሰይ! ምን ምን ተማሩ?» ብዬ ጠየቅኩ። ለካስ የሚያወሩት ስለ በሩና ስለ ማንቆርቆሪያው ኖሯል!

ትናንት አረንጓዴ ቀሚሴን ለብሼ ሶፋው ላይ ጋደም ብያለሁ። ዓይናቸው የደከመው አማታቸው ገቡና ዘጭ አሉብኝ። «ኧረ እማማ!» ብዬ ስጮህ ይነሳሉ ብል፣ እዚያው እንደተቀመጡ ጓዳ ያሉትን አከራዬን ተጣሩ፦ «ይኸው! ቀለም ስታበዢበት ሶፋው አፍ አወጣ!»

አንቺ ሳሎን ቢሆን ማንም አይቀመጥብኝም ነበር። የአህያ ሆድ በመሰለው ግድግዳሽ ላይ ዝንብ እንኳ ከሩቅ ትለያለች፤ ልጆችሽም እንዳይነኩት እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው አደጉ።

ይህ የምጽፍልሽ ፖስትካርድ ጥግ ላይ ያለው ብርቱካናማ ነገር እድፍ እንዳይመስልሽ፤ አከራዬ በብሩሽ ጫፍ የቀቡልሽ ናሙና ነው። ግድግዳሽ ላይ አስጠግተሽ እዪው። ጣሳው ሻንጣዬ ውስጥ ገብቷል።

ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ባልሽን ደግሞ መሰላሉን ተውሶ እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ ቀለሙን በስልክ የመረጠው እሱ ነው።

ያንቺው ሶፋ