ለሰፈሩ ሁሉ ጤና ጣቢያ የሚሄዱት እትዬ ቶሎ

ታላቅ እህታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና አትክልት ይቸረችሩ ከነበሩት እናታችን ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው፣ እኛን ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ትምህርቱን ተዉት። እርምጃቸው ስለማይያዝ «እትዬ ቶሎ» ተባሉ፤ ስሙም እስከዚህ የስደት አገር ተከተላቸው።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው መጥተው በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠሩ፤ እስከ መጨረሻውም አንሶላ ሲያጥፉ ኖሩ። ከአውቶቡስ መካኒኩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወልደዋል። ግብር ሳይቆረጥባቸው ያለፈ ወር የለም። «የምንከፍለው እኛው፣ የምንለምነውም እኛው» ይሉ ነበር።

በሰፈራችን ከዳቦ ቤቱ ጎን አንዲት ጠባብ ጤና ጣቢያ ነበረች። ነርሷ ብቻዋን ስለሆነች እኛ የሰፈሩ ሴቶች እሷን እንዳናጨናንቅ ይሉኝታ ያዘን። ስለዚህ እትዬ ቶሎ ከሥራ መልስ የሁላችንን ካርድ በፌስታል ይዘው ይሄዳሉ። የአንዷን የደም ግፊት፣ የሌላዋን የስኳር መድኃኒት ተቀብለው በየደጁ ያድላሉ። እኛም ቁጭ ብለን እንመርቃቸዋለን።

በጀት ሲቀነስ የከተማው አስተዳደር በሩ ላይ ሰው አቁሞ የሚገባውን አስቆጠረ። የሚገቡት እትዬ ቶሎ ብቻ ሆኑ። ተጠቃሚ የለም ተብሎ ጤና ጣቢያዋ ተዘጋች። በዚያው ዓመት የአስተዳደሩ መግቢያ እብነ በረድ ተነጠፈለት። ያቅለሸልሻል። ይህ ለቀብር አይጻፍም ያሉኝ አሉ፤ ጽፌዋለሁ።

እትዬ ቶሎ ሄደው ነገሩን ቢያስረዱ፣ የበጀት ኃላፊው እናንተ በአገልግሎት መጠቀም አልለመዳችሁም አላቸው።

«ልጄ፣ እኛ ያልለመድነው መጋፋት ነው» አሉት።

እሱ ሰዓቱን አየ።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ሁለት አውቶቡስ የሚያስይዝ ሆስፒታል ሄደ። እዚያ ባለካርዷ ራሷ ካልቀረበች አይሰጥም፤ ወረፋው ቀን ሙሉ ይፈጃል፤ ከሥራ የቀረች ደግሞ ትባረራለች። የራሳቸው ግፊት የበረታባቸው እህታችን መድኃኒቱን እየዘለሉ ሠሩ። በሥራ ላይ እንዳሉ ወድቀው ሆስፒታል ገቡ። ጥቂት ቀን ታመው፣ በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት በሃምሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ቀናቸው ነው እያሉ የሚያጽናኑን አሉ። እኔ ቀናቸው ነው አልልም፤ ያሳጠሩባቸው አሉ። አስተዳደሩ የላከውን አበባ ከደጅ አስቀምጠነዋል።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እኛን እህት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል።

አልጋ ላይ ሳሉ ለሰፈሩ ሴቶች ያስተላለፉት ቃል ይህ ነው፤ «ሐሙስ የበጀት ስብሰባ አለ። ሰው እንዳትልኩ። ሁላችሁም ራሳችሁ ሂዱ።»

ፈጣሪ የደከመ ጎናቸውን ያሳርፍ፣ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል። ለቅሶ የደረሳችሁ ሁሉ ብድራችሁን እሱ ይክፈል። ሐሙስ ግን እንዳትቀሩ።