የማኅሌት አማቶች የጋበዙኝ እራት

ማክሰኞ
ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለቤቴ የልጃችንን የዮናስን እጮኛ፣ ሣራን፣ “አግብታ የፈታች ሴት ቤቴ አትገባም” ያለ ዕለት፣ እኔ ልጅቷን ወድጃት ነበር። ዝም አልኩ። ዮናስ ሁለታችንም እንደጠላናት ቆጥሮ ወጣ፤ አገባት። ባለቤቴ ካረፈ በኋላም አላስተካከልኩትም።

ይህን ያስነሳብኝ የእራት ግብዣ ነው። ልጄ ማኅሌት ልታገባው ያሰበችው ዳንኤል ወላጆቹ የፔሩ ሰዎች ናቸው። የእናቱ አያቶች ግን ከጃፓን ነው የመጡት። ሽማግሌ መላክ አያውቁም፤ በዚያ ፈንታ እራት ጠሩኝ። ሁለት ምግብ ቤት አቀረቡልኝ። አንዱ የዱሮውን የፔሩ ምግብ የሚሠራ፣ አባትየው የሚወደው። ሌላው ፔሩንና ጃፓንን ያዳቀለ፣ የእናትየው ምርጫ። “እርስዎ ይምረጡ” አለችኝ እናትየው በስልክ። “የፈለጋችሁት ይሁን፣ እኔ ግድ የለኝም” አልኳት። እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። አንድ ሁለቴ ብትለምነኝ እመርጥ ነበር። አልለመነችኝም፤ አመስግና ዘጋች።

ረቡዕ
ማኅሌት ከሥራ በቀጥታ መጣች። እኔ ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ፣ ፓርኪንግ አጥታ ብዙ ዞራለች፤ ስትገባ ፊቷ ጠቁሯል።
“እማዬ፣ ግድ የለኝም አልሻቸው? ዳኒ እናትሽ አልወደደችኝም እንዴ እያለኝ ነው።”
“ጨዋነት ነው እኮ።”
“እነሱ በምን ያውቃሉ? ሶ፣ እራቱን ካንስል ያድርጉት?”
ምስር ወጥ አቀረብኩላት፣ አልነካችውም። በሩ ጋ ደርሳ “ለዮናስ ዝም አልሽ። ለእኔም ዝም ልትዪ ነው?” አለች። በሩን ዘግታ ወጣች።

ሐሙስ
ጠዋት ቤተ መጻሕፍት። ስለ ፔሩ ምግብ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ጃፓኖቹ ወደ ፔሩ የሄዱት የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ሊሠሩ ነው። ሎሚውና ቃሪያው የፔሩ፣ የዓሣው አቆራረጥ የጃፓኖቹ። ማንበቡ ግን ምርጫ አልሰጠኝም። ለማኅሌት ደውዬ “ውሰጂኝና ልቅመስ” አልኳት። “ኦኬ፣ ጃኬት ያዢ” አለች።

ሁለቱንም ዛሬውኑ አየናቸው። የመጀመሪያው ሆሊውድ ነው፤ ሰፊ፣ ጫጫታ የበዛበት። የበሬ ሥጋ በሽንኩርትና በቲማቲም ጠብሰው፣ የተጠበሰ ድንችም ሩዝም አንድ ሳህን ላይ። ደህና ነው። ጥብስ ስለሆነ ማንም አያማኝም።

ሁለተኛው ጠባብ ነው። ጥሬ ዓሣ በስሱ ቆርጠው፣ ሎሚና ጨዋማውን ሶይ ሶስ አፍስሰውበት አመጡ። ሹካዬን ይዤ ቆየሁ።
“ቁርጥ የምትበላ ሴት ዓሣ ፈራች” አለች ማኅሌት።
“በሬውን አውቀዋለሁ።”
“እሺ፣ ዓሣውን ላስተዋውቅሽ?”
ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃችን። ቀመስኩት። ቀዝቃዛ፣ ኮምጣጣ፤ ቃሪያው ዘግይቶ ይመጣል። እሷ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው የደረሳት።

ዓርብ
የዳንኤል እናት ጋ ራሴ ደወልኩ። “የተዳቀለውን ነው የምፈልገው። ዓሣው ጣፍጦኛል። ዳንኤልንም ወድጄዋለሁ” አልኩ። የመጨረሻውን በጥድፊያ ነው ያልኩት፤ ቀስ ብል የምተወው መሰለኝ።
ሳቀች። ባሏ ከኋላዋ ምን አለች ብሎ ጠየቃት መሰለኝ፤ በስፓኒሽ መለሰችለት፤ እሱም በረጅሙ ተነፈሰ። የእሱ ምርጫ እንደተሸነፈ ገባኝ። “ለባለቤትሽ ጥብሱም ጥሩ ነበር በይልኝ” አልኳት።
ለእሑድ ተስማማን። ከዚያ “በእናንተ በኩል ስንት ሰው ነው?” አለች።
እኔና ማኅሌት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። “ነገ ልንገርሽ” አልኩ።

ቅዳሜ
ግሌንዴል፣ ዮናስ ቤት ደወልኩ። ሣራ አነሳች።
“እትዬ፣ ደህና ነዎት? ዮናስ ሥራ ላይ ነው።”
“አንቺን ነው የፈለግኩት።”
የነገውን እራት ነገርኳት፤ እንድትመጣ ጠየቅኳት።
“እኔ?” አለች። “ዮናስን ማለትዎ ነው?”
“ሁለታችሁንም። አንቺን መጀመሪያ።”
ስለዚያ ዕለት ልነግራት ጀምሬ ቃላቱ ተያያዙብኝ። አላቋረጠችኝም፤ አልረዳችኝምም። “ላስብበት፣ እትዬ” ብላ ዘጋች። እሺም እምቢም አላለችም። እንዲህ ማለት መብቷ ነው።

ለዳንኤል እናት አራት ሰው ነን አልኳት። ሁለት ወንበር ባዶ ቢቀር የማፍረው እኔ ነኝ።

ነገ ማኅሌት ስትወስደኝ አስቀድመን በግሌንዴል በኩል እናልፋለን። በስልክ ያቃተኝ እዚህ ተጽፏል። እነዚህን ገጾች ለሣራ በእጇ እሰጣታለሁ።